ያንዱ ክፍል መብራት ሲደበዝዝ የሌላው ለምን ይፈካል?

በአዲስ አበባ ከአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቅዳሜ ጧት የአከራይዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካ ጊዜ የየክፍሉ መብራት ደብዘዝ ይላል። ተከራዩም «ምጣዱ ገባ» ብሎ ይታገሣል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ስሆን አንድ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖርሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ዐዋቂነቴን ለማሳየት አይደለም፤ ባለመጠየቄ አንድ ጎረቤቴን ስላከሰርሁትና ግቢያችንንም ለቃጠሎ ጥቂት ስለቀረው ነው።

ግቢያችን ስድስት ክፍሎች አሉት። ቆጣሪው ባለ ሦስት መስመር ነው። ይኸውም ከምሰሶው ሦስት «ፌዝ» የሚባሉ ሽቦዎችና ለሦስቱም መመለሻ የሚሆን አንድ ሽቦ፣ ማለት ኒውትራል፣ ይገባሉ። ይህን አራተኛውን ሽቦ ብዙ ሰው «ኔጌቲቭ» ይለዋል፤ ስሙ ትክክል ባይሆንም ሁሉም ይግባባበታልና አልከራከርም። ምጣዱና የጎረቤቴ ክፍል በአንደኛው ፌዝ ላይ ናቸው። የእኔና የአንድ ተማሪ ክፍል በሁለተኛው ላይ ሲሆኑ የቀሩት በሦስተኛው ላይ ናቸው።

ጎረቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ከግቢው ሁሉ ደኅና ፍሪጅ ያለው እሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ አከራያችን እማማ የስኳር ሕመም መድኃኒታቸውን፣ ኢንሱሊኑን፣ በእሱ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት እንዳለበት የሐኪም ቤቱ ነርስ ደጋግማ ነግራቸዋለችና፣ እማማ በየጧቱ «ፍሪጁ ደኅና አደረ ወይ?» ሳይሉ ቡና አይጠጡም።

አንድ ቀን ይህ ጎረቤቴ ወደ ክፍሌ ብቅ ብሎ፣ «አንተ የኤሌክትሪክ ነገር ታስተምራለህ። ፍሪጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጓራል፤ ሞተሩ ሊነሣ ይልና ይተወዋል። ምን ይሻላል?» አለኝ። እኔም የተማሪ ደብተር እያረምሁ ስለ ነበር ከወንበሬ ሳልነሣ፣ «ኮረንቲው ደካማ ነው፤ ስታቢላይዘር ግዛ» ብዬ መለስሁለት።

ምክሩን አመነኝ። ዕቁብ በደረሰው ሳምንት መርካቶ ወርዶ ስታቢላይዘር ገዛ። መሣሪያው ሲሠራ «ቲክ፣ ቲክ» የሚል ድምፅ ያሰማል። በውስጡ ያሉት ትንንሽ መቀያየሪያዎች ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቮልቱን የሚያስተካክሉት እንደዚህ እየጮኹ ነው። በሥራ ቀን ዝም ይላል፤ ቅዳሜ ጧት ግን ግድግዳ እንደሚበላ ምስጥ ሲቀጠቅጥ ይውላል።

በዚሁ ጊዜ በእኔ ክፍል ውስጥ የተለየ ነገር ይደረግ ነበር። ምጣዱ ሲሰካ የእኔ መብራት አይደበዝዝም፤ እንዲያውም ይፈካል። በጠረጴዛዬ ላይ የነበረው አምፑል የድሮው ዓይነት፣ ክር ያለው አምፑል ነበር። እኔም ፍካቱን እንደ መልካም ዕድል ቈጥሬው ለማረም ይመቸኛል እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ የተማርሁትን ትምህርት ጥቂት ባስታውስ ኖሮ ከደስታ ይልቅ ፍርሃት በያዘኝ ነበር።

እማማ ደግሞ የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። «መምህር፣ እንጀራዬ ነጣብኝ፤ ዓይኑም ጠፋ። ይኸ የጤፍ ነጋዴ አታለለኝ መሰለኝ» ይሉ ነበር። ነጋዴ ለወጡ፣ እርሾም ለወጡ፤ እንጀራው ግን አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ምጣድ ሳይሰካ፣ የግቢው መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ቦግ እልም አለ። ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ነገር ግን የተማሪው የኮምፒዩተር ቻርጀርና የእኔ የስልክ ቻርጀር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተቱ። ሁለታችንም በአንድ ፌዝ ላይ እንደ ሆንን ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

ምስጢሩን የገለጡልን በኤሌክትሪክ ሥራ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። የመጡት የውኃ ፓምፕ ሊጠግኑ ነበር። ሻይ ቀርቦላቸው ሲጠጡ፣ የእማማ ምጣድ መብራት እንደሚያደበዝዝ ጎረቤቴ አጫወታቸው። እሳቸውም «የወፈረ ሽቦ ያስፈልጋል» ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ። እኔም ጨዋታ ለመጨመር ያህል፣ «የእኔ ግን ይፈካል» አልሁ። ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይፈካል ነው ያልኸው?»

«አዎን፣ ደኅና አድርጎ።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ከክረምት ወዲህ ይመስለኛል።»

«መምህር፣ አንተ ይኸን እያየህ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉና የመሣሪያ ከረጢታቸውን አንሥተው ወደ በረንዳው ሳጥን ሄዱ።

በዚህ ቦታ ነገሩን ለአንባቢ ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ሦስት ልጆች ሜዳ ላይ በሦስት ማዕዘን በእኩል ርቀት ቆመው፣ በመካከላቸው ያለውን አንድ ቀለበት በሦስት ገመድ ይጎትቱ እንበል። ቀለበቱ በመሬት ላይ በተተከለ ካስማ ላይ ገብቷል። ካስማው ጽኑ እስከ ሆነ ድረስ አንዱ ልጅ ጎበዝ፣ ሌላው ደካማ ቢሆንም ቀለበቱ ከመካከል አይነቃነቅም፤ ከእያንዳንዱ ልጅ እስከ ቀለበቱ ያለውም ርቀት እኩል ነው። ይህ ርቀት የእኛ 220 ቮልት ነው፤ ልጆቹ ሦስቱ ፌዞች፣ ካስማው ደግሞ ኒውትራሉ ነው። ካስማው ከላላ ግን ጎበዙ ልጅ ቀለበቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። በእሱና በቀለበቱ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር የሁለቱ ልጆች ርቀት ይረዝማል። በግቢያችን ጎበዙ ልጅ ምጣዱ ነው። ስለዚህ የምጣዱ ፌዝ ሲደበዝዝ የሌሎቹ ይፈካል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ምጣድ ሲሰካ መብራት ሁሉ በአንድነት ደብዘዝ ካለ፣ ሽቦው ቀጭን ወይም ትራንስፎርመሩ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ የሚያናድድ ነገር ነው እንጂ ብዙ አያስፈራም። አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ከፈካ ግን ካስማው ላልቷል ማለት ነው። ይህ ደግሞ አያሳድርም።

ጋሼ የጎማ ጓንታቸውን አጥልቀው ቮልት መለኪያውን በሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ እኔ ወረቀትና እርሳስ ያዝሁ። ምጣዱ ሳይሰካ የምጣዱ ፌዝ 217 ቮልት፣ የእኔ ፌዝ 219 ቮልት አሳየ። «እማማ፣ ይሰኩት!» ተባለ። የምጣዱ ፌዝ ወደ 196 ወረደ፤ የእኔ ወደ 226 ወጣ።

ለጋሼ ይህ በቂ ነበር። እኔ ግን የጠፋብኝን ክብር ለመመለስ ብዬ ቁጥሩን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ተማሪዎች አንባቢዎቼም አብረውኝ ቢያሰሉ ደስ ይለኛል። ካስማው ወደ አንዱ ልጅ በጥቂቱ ሲጠጋ፣ ከሌሎቹ ከሁለቱ የሚርቀው በተጠጋው ልክ በግማሽ ያህል ነው፤ ይህን በ120 ዲግሪ ማዕዘን ሦስት መስመር አስምሮ ማረጋገጥ ይቻላል። የእኔ ፌዝ በ7 ቮልት ከፍ ካለ ኒውትራሉ በ14 ቮልት ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የምጣዱ ፌዝ በጠቅላላው 21 ቮልት ስለ ወረደ፣ 14ቱን ኒውትራሉ፣ የቀረውን 7ቱን ደግሞ የፌዙ ሽቦ በላው። ሁለቱም ሽቦዎች ግን ውፍረታቸውም ርዝመታቸውም አንድ ነው! አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚበላበት ምክንያት የለም። እንግዲያስ በኒውትራሉ መንገድ ላይ 7 ቮልት የሚሰርቅ አንድ ሌባ ተደብቋል።

የሌባውን ጉልበት ለማወቅ አምፔሩን ማግኘት ብቻ ይበቃል። የእማማ ምጣድ በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ነው፤ ተቃውሞው 14 ኦም ገደማ ይሆናል። በ196 ቮልት ላይ 14 አምፔር ያህል ይስባል። 7 ቮልት በ14 አምፔር ሲባዛ 98 ዋት ነው። የራዲዮ ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት ብረት ከ30 እስከ 60 ዋት ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የጣት ጫፍ በምታክል ስፍራ ላይ፣ በየቅዳሜው ለሦስት ሰዓት ያህል ይነድ ነበር።

የጤፉም ነገር በዚሁ ተፈታ። የምጣድ ሙቀት የሚለካው በቮልቱ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ነው። 196 ከ220 ሲነጻጸር 89 በመቶ ነው፤ ካሬው ግን 79 በመቶ ነው። ስለዚህ 3,500 ዋት የተባለው ምጣድ 2,800 ዋት እንኳ አልሞላም ነበር። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ እንደ ፈሰሰ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ነውና፣ የጤፍ ነጋዴው ያለ ኃጢአቱ ተወቅሶ ኖሯል።

እንዲህ ዓይነቱን ስሌት ያስተማሩን ሰዎች ታሪክ ለመምህራን የሚያጽናና ነው። ጌኦርግ ኦም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሕጉን ያወጣበትን መጽሐፍ በ1827 እ.ኤ.አ. ቢያሳትም በአገሩ ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ነው። በዚያው ዓመት ገደማ የቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ እንደሚያድግ አሳየ። እኔ ሁለቱንም በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አምፑሌን ግን በእነሱ ዓይን አላየሁትም።

ወደ ሌባው እንመለስ። ጋሼ ዋናውን ማጥፊያ ዘግተው፣ ከቆጣሪው ወደ በረንዳው የሚመጣውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደረሱ። እዚያ ከቆጣሪው የመጣው የአልሙኒየም ሽቦና ወደ ቤት የሚገባው የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ተጠማዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። የሦስቱ ፌዞች ናስትሮ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የአራተኛው ቀልጦ፣ ጠንክሮ፣ ሲነካ እንደ ከሰል ፈረሰ። ሽቦው ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ያረፈበትም የጣሪያ እንጨት የቡጢ ያህል ጠቁሮ ገብቷል። እማማ አይተው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ጎረቤቴ ምንም አልተናገረም።

አልሙኒየምና መዳብ እንዲህ ተጠማዝዘው አይኖሩም። አልሙኒየም አየር ሲነካው ኮረንቲ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል አይደለም፤ በሞቁና በቀዘቀዙ ቁጥር መጋጠሚያው ይላላል፤ የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። የላላ መጋጠሚያ ይሞቃል፤ የሞቀው የባሰ ይላላል። መፍትሔው ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ፣ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ነው፤ ዋጋውም ከስታቢላይዘር ጋር ሲተያይ ከምንም አይቈጠርም። ጋሼ አራቱንም መጋጠሚያዎች ቆርጠው በዚህ ዓይነት ማያያዣ አሠሩ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ብሬከሩ ለምን ዝም አለ? ጎረቤቴ የጠየቀኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን አስቤ መለስሁለት። ብሬከር የሚቈጥረው አምፔር ነው። 14 አምፔር ለእሱ የዘወትር ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ አንድ መጋጠሚያ ይንደድ አይንደድ የሚያውቅበት ዓይን የለውም። ለሰው ሕይወት የሚጠብቀው፣ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው መሣሪያ እንኳ ይህን አያይም፤ ምክንያቱም ወደ መሬት ያመለጠ ኮረንቲ የለም። ይህን መሣሪያ ማንም ሰው ቢገዛ አይጸጸትም፤ ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ እሱ አይደለም።

ብሬከር ከተነሣ አይቀር፣ ደጋግሞ ሲወርድ «ደካማ ነው» ብለው በትልቅ ስለሚለውጡት ሰዎች አንድ ቃል ልናገር። 16 አምፔር የሚል ብሬከር በ16 አምፔር ላይ ወዲያው አይወርድም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት እስከ 18 አምፔር ድረስ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ መውረድ ግዴታው የሚሆነው 23 አምፔር ገደማ ሲደርስ ነው፣ ያም ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ። ይህን ያህል ታጋሽ የሆነ መሣሪያ ደጋግሞ ከወረደ በሽተኛው ሽቦው ነው። ብሬከር የሚመረጠው ለምጣዱ ሳይሆን ለሽቦው ነው። 3,500 ዋት ለሚስብ ምጣድ ከሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ጥሩ ጥምረት ነው። በ1.5 ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ማሠር ግን በር ላይ የተኛ ዘበኛ እንደ መቅጠር ነው። በቫልቮላ ፈንታ የመዳብ ክር ስለሚያሥሩት ሰዎች ምንም አልልም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ስታቢላይዘሩ ልምጣ፤ የእኔ ዕዳ ያለበት እዚያ ነውና። ስታቢላይዘር ቮልት አይፈጥርም፤ የጎደለውን ቮልት በአምፔር ይከፍላል። አንድ ዕቃ 1,000 ዋት ቢፈልግ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ይስባል። ቮልቱ 150 በደረሰ ጊዜ ግን ስታቢላይዘሩ ያንኑ 1,000 ዋት ለመስጠት ከሶኬቱ 6.7 አምፔር ይስባል፤ የራሱ ብክነት ሳይቈጠር ማለት ነው። በላላ መጋጠሚያ ላይ ተጨማሪ አምፔር ማለት ተጨማሪ እሳት ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ በእኔ ምክር የገዛው ዕቃ ሌባውን ከመያዝ ይልቅ ስንቅ ያቀብለው ነበር።

ኒውትራሉ ጨርሶ ቢበጠስስ? በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። በአንዱ ፌዝ ላይ ምጣዱ፣ በሌላው ላይ አንድ 1,000 ዋት የሚስብ የውኃ ማፍያ ብቻ ቢኖሩ፣ ሁለቱ በተርታ ይቆሙና 380ውን እንደ ተቃውሟቸው ይካፈሉታል። ጉልበተኛው ምጣድ 84 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ትንሹ ማፍያ 296 ቮልት ይወርድበታል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር ሁሉ እንደ ማፍያው ከትንሾቹ ወገን ናቸው። ከ140 እስከ 260 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ስታቢላይዘር በ296 ላይ ማስተካከል አይችልም፤ ቆራጭ ከሌለው እሱም አብሮ ሊቃጠል ይችላል። የዚያ ሐሙስ ምሽት ሁለት ሴኮንድ የዚህ ቅምሻ ነበር። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች በኒውትራሉም ላይ ለብቻው ቫልቮላ ተደርጎ ይገኛል፤ በባለ ሦስት ፌዝ ቤት ይህ ራስን በራስ ወጥመድ ውስጥ መክተት ነው።

ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው ምን ይሻላል ቢባል፣ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። መጀመሪያ መጋጠሚያና ሽቦ። ከዚያ ቮልቱ ከ170 በታች ወይም ከ250 በላይ ሲሆን ቆርጦ፣ ደኅና ሲሆን የሚመልስ መከላከያ ይገዛል። ይህ ከስታቢላይዘር በእጅጉ ይረክሳል። ሲገዛም ከመመለሱ በፊት ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ የሚያቆይ መሆኑን መጠየቅ ነው፤ የፍሪጅ ሞተር እንደ ጠፋ ወዲያው ቢነሣ በውስጡ ያለው ጋዝ ግፊቱ ስላልበረደ ይጨነቃል። ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ቮልቱ ግን ከመንገድ ጀምሮ ዝቅ ብሎ ለሚመጣበት ሰው ነው። እሱም ቢሆን የፍሪጅ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት የዘወትሩን አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚስብ፣ በፍሪጁ ላይ ከተጻፈው ዋት እጅግ ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል።

ሳጥን መክፈትና መስመር መንካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ደግሞ የመብራት ድርጅቱ ሠራተኞች ነው። ለተከራይ የሚፈቀደው ምርመራ ግን ቀላል ነው። በሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልት መለኪያ በሱቅ ይገኛል። አንድ ሰው በአንድ ክፍል፣ ሌላ ሰው በሌላ ክፍል ይዞ ይቆምና፣ ምጣድ ሲሰካ ቁጥሩን ጮኾ ይናገራል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከወጣ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ባለሙያ መጥራት ነው። የድሮው ክር ያለው አምፑል ያለው ሰው መለኪያ ላያስፈልገው ይችላል። የእኔ 7 ቮልት ለአምፑሉ ብርሃን 11 በመቶ ያህል ጭማሪ ነበር፤ ዓይን ይህን በደንብ ያያል። አዲሶቹ ኤል.ኢ.ዲ. አምፑሎች ግን ብዙዎቹ ቮልቱ ቢለዋወጥም ብርሃናቸውን አይለውጡም። ከግቢው ሰው ሁሉ ምልክቱ የታየው ለእኔ ብቻ የሆነው ስለዚህ ነው፤ እኔም ደብተር አረምሁበት።

ጋሼ ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ምጣዱ እንደገና ተሰካ። የምጣዱ ፌዝ ከ217 ወደ 203 ብቻ ወረደ፤ የእኔ ከ219 ወደ 222 ወጣ። ቀሪው የሽቦው ቅጥነት ነው፤ እማማ ከሚቀጥለው ኪራይ አስለውጠዋለሁ ብለዋል። ኢንሱሊኑ በቦታው ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ የወጣውን እንጀራ ዓይን ዓይኑን እያሳዩ በየክፍሉ አዞሩልን፤ ለጤፍ ነጋዴውም ሁለት እንጀራ ተላከለት።

ስታቢላይዘሩ አሁን ከጎረቤቴ ቁም ሣጥን በላይ ተቀምጧል። የዋጋውን ግማሽ በሦስት ወር እንድከፍለው ተስማምተናል፤ የመጀመሪያውን ከፍዬአለሁ።